ስለ ኖርዌይኛ ጥምር ቃላት ንባብና አከፋፈል

በንባብ ቤት ያለፈ ሰው የግእዝ ቃል ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ ወይም ተጣይ ተብሎ በየወገኑ እንደሚነበብ፣ ድምፁ ያለ ቦታው የዋለ እንደ ሆነም መምህሩ ወዲያው እንደሚያርመው ያውቃልና፣ የኖርዌይ ቋንቋ ጥምር ቃላቱን በድምፅ ክብደት እንደሚያስተሳስር ሲሰማ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ኖርዌያውያን ሁለት ስሞችን ሲያጋጥሙ በመካከላቸው ባዶ ስፍራ ሳይተዉ እንደ አንድ ቃል ይጽፏቸዋል፤ ሲናገሩም ዋናውን ክብደት አብዛኛውን ጊዜ በፊተኛው ቃል ላይ አሳርፈው፣ ኋለኛውን በዝቅተኛ ክብደት ያስከትሉታል እንጂ ፈጽሞ አያደበዝዙትም። «ላመሎር» ከሥጋ ቤት የሚገዛ የጠቦት ታፋ ነው፤ ይህንኑ ለያይተው «ላመ ሎር» ብለው ቢጽፉት ግን፣ አንዲት ፊደል ሳትጨመርና ሳትቀነስ፣ እያንዳንዱ ቃል የራሱን ክብደት ይዞ ይነበብና ትርጓሜው «ሽባ የሆኑ ጭኖች» ይሆናል። ስለዚህ የባዶውን ስፍራ ነገር ተራ የጽሕፈት ጉዳይ አድርገው የሚቈጥሩት፣ በእኔ አስተያየት፣ ተሳስተዋል፤ አንድነቱ አስቀድሞ በአንደበት የተፈጸመ ነውና ጽሕፈቱ እርሱን ይከተላል።

ክብደት ባረፈበት ክፍለ ቃል ወይ አናባቢው ይረዝማል፣ ወይ ተከታዩ ተነባቢ ይጠብቃል፤ «ታክ» አናባቢው ሲረዝም ጣራ፣ «ክ» ሲጠብቅ ምስጋና ነው፤ የእኛም «ገና» ላልቶና ጠብቆ ሁለት ትርጓሜ እንዲሰጥ።

መሥመር አልቆ ቃሉን መክፈል ሲያስፈልግ የመጋጠሚያው ኃይል ይበልጥ ይገለጣል። «ቢል» መኪና፣ «ዴለር» ክፍሎች ናቸውና «ቢልዴለር» የመኪና መለዋወጫ ማለት ነው፤ ነገር ግን ከፋዩ መጋጠሚያውን ስቶ ጥቂት ፊደል አልፎ ቢቈርጠው፣ ፊተኛው ቍራጭ «ሥዕል»፣ ኋለኛው «ይሥቃል» ሆኖ ይነበባል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የአውቶቡስ ማቆሚያ ስም ነው፤ «ቡስ» በላቲኑ ጽሕፈት በሁለት «ስ» አልቆ፣ «ስቶፕ» ደግሞ በ«ስ» ስለሚጀምር፣ ሦስት ተመሳሳይ ፊደላት ሊገናኙ ይገባ ነበር፤ የጽሕፈቱ ሕግ ግን አንዱን ያስቀረዋል። ቃሉ በመሥመር ማለቂያ ሲከፈል ያ የቀረው ፊደል ወደ ስፍራው ተመልሶ፣ ሁለቱ በላይኛው፣ አንዱ በታችኛው መሥመር ይጻፋሉ።

በኖርዌይ ተቀምጣችሁ ቋንቋውን የምትማሩ ወገኖቻችን ሆይ፣ ረዥም ቃል ባጋጠማችሁ ጊዜ አስቀድማችሁ መጋጠሚያውን ፈልጉ፤ ከዚያም ድምፃችሁን በፊተኛው ቃል ላይ አጽንታችሁ፣ በኋለኛው አቅልላችሁ፣ በመካከል ሳታርፉ አንብቡት።