ከኋላ መቀመጫው ላይ ማን አለ?

አገር ቤት «ሞተር» ሲባል በአብዛኞቻችን ዐይን ፊት ድቅን የሚለው ወንጌላዊው ወይም የጤና ሠራተኛው ከቀበሌ ቀበሌ የሚዘዋወርበት ቀላል ሞተር ብስክሌት ነው። ዛሬ የምንጨዋወትበት ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ ለረጅም ጉዞ የሚሠራው፣ ሁለት ሰው ከነሻንጣቸው የሚሸከመው፣ ሬዲዮና የነፋስ መከላከያ ያለው፣ አዲሱ ከ25 ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣው ትልቁ የጉዞ ሞተር ነው። ልጆቹን ኮሌጅ ካስገባ በኋላ «እስቲ አሁን ደግሞ እኔ» ብሎ እንዲህ ያለውን የገዛ ሰው ከእኛም መካከል አይጠፋም።

እርስዎም ከነዚህ አንዱ ከሆኑ ምናልባት በዚህ ሰሞን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሥቶዎት ይሆናል። ለዓመታት የነዱት ሃርሊ ዴቪድሰን ነው። አሁን ግን ልብዎ ወደ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ አዘንብሏል። (በተቃራኒው የሚያስብም ይኖራል፤ ነገሩ ለእርሱም ያው ነው።) የሁለቱን የፈረስ ጉልበት፣ ክብደትና ዋጋ በቃልዎ ሸምድደዋል። ጓደኞችዎንም አማክረዋል። ለመሆኑ ባለቤትዎን ጠይቀዋቸዋል? «ልግዛው ወይ?» ብለው ሳይሆን፣ «ከኋላዬ ስትቀመጪ ምን ይሰማሻል?» ብለው?

ይህን የምልዎ ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነዳጅ ማደያ ገብቼ ልቆም ስል ግራ እግሬ የፈሰሰ ዘይት ላይ አረፈ። በዝግታ፣ በጣም በዝግታ፣ ሞተሩ ከነባለቤቴ ወደ ግራ ዘመመና ተኛ። ማንም አልተጎዳም። የሞተሩን ስም ምን አመጣው? ጥፋቱ የእኔ እግርና የእኔ ግትርነት ነበር። ሁለት ሰዎች መጥተው አብረውኝ አነሡት። ባለቤቴ ልብሷን አራገፈችና ምንም ሳትናገር እንደገና ወጣች። ማታ እራት ላይ ነው፣ «እንደ ከበደብህ ካወቅሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል» ያለችኝ። እኔ እኮ በዚያው ሰሞን የትኛው ሞተር በፍጥነት እንደሚያልፍ እያወዳደርኩ ነበር።

በመጀመሪያ የታማኝነቱን ነገር እናንሣ፤ ብዙ ወንዶችን የሚይዛቸው እርሱ ነውና። ሃርሊ ዴቪድሰን በ1903 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሚልዋኪ ከተማ የተጀመረ ድርጅት ነው። በእግር ረግጦ ማስነሣትን በቁልፍ የተካው ኤሌክትራ ግላይድ የወጣው በ1965 ነው። በ1981 ድርጅቱ ሊወድቅ ሲንገዳገድ 13 ኃላፊዎቹ ከባለንብረቱ ገዙት። በ1983 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሬገን ከ700 ሲሲ በላይ በሆኑ ከውጭ በሚገቡ ሞተሮች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣሉለት። የዚያን ዘመን ሰው «የአገሬ ሞተር» ሲል ከልቡ ነው።

ጎልድ ዊንግ በበኩሉ በ1974 በጀርመን ኮሎኝ ከተማ ኤግዚቢሽን ላይ ታየና በማግሥቱ ዓመት ለገበያ ቀረበ። የሚገርመው፣ ከ1980 ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ያህል የተገጣጠመው በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት ነው። በ2009 የኦሃዮው የሞተር ብስክሌት ፋብሪካ ሥራውን አቆመና ምርቱ ወደ ጃፓን ተመለሰ። እንግዲህ በ1990ዎቹ «የውጭ ነው» ተብሎ የተናቀው ጎልድ ዊንግ የአሜሪካ ሠራተኞች እጅ ሥራ ነበር ማለት ነው።

ጓደኞችስ? የሃርሊ ባለቤቶች ማኅበር በ1983 የተቋቋመ ሲሆን ብዙ ሰው ቅዳሜውን የሚያሳልፈው ከዚያ ካገኛቸው ወዳጆቹ ጋር ነው። የጎልድ ዊንግ ነጂዎችም ከ1977 ጀምሮ የራሳቸው ትልቅ ማኅበር ነበራቸው፤ በ2022 ተዘጋ። ሞተር ስለቀየሩ ቡና አብሮዎት መጠጣት የሚተው ወዳጅ ካለ፣ እኔ እንደ ወዳጅ አልቆጥረውም። ይሁን እንጂ ሲያሾፉብዎት ለጥቂት ወራት መቻል አለብዎት።

አሁን ወደ ሰውነታችን እንምጣ። ጎልድ ዊንግ ወደ 380 ኪሎ ይመዝናል። ሙሉ ሻንጣ ያላቸው ትልልቆቹ ሃርሊዎች ደግሞ ከ400 ኪሎ ያልፋሉ። በቁጥር ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ዋናው ነገር ግን ክብደቱ የት ላይ ነው የሚለው ነው። የጎልድ ዊንግ ስድስት ሲሊንደሮች ሦስት በግራ ሦስት በቀኝ ሆነው፣ እንደ ተዘረጋ እጅ ወደ ጎን ተኝተዋል። ስለዚህ ክብደቱ ወደ መሬት ይቀርባል። የሃርሊ ሁለት ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ተከፍተው ወደ ላይ የቆሙ ናቸው። ያንን ሰው ሁሉ የሚወደውን የተቆራረጠ ድምፅ የሚሰጡትም እነርሱ ናቸው። ነገር ግን የኋለኛው ሲሊንደር ከነጂው ጭን ሥር ነውና በሐምሌ የዋሽንግተን ሙቀት፣ መኪና ተጨናንቆ ሲቆም፣ ጭን ያቃጥላል። ሃርሊ ከ2014 ጀምሮ በአንዳንድ ሞዴሎቹ የሲሊንደር ራስ ላይ የውኃ ማቀዝቀዣ የጨመረው ለዚህ ነው።

ደግሞ የኋላ ማርሽ አለ። ቁልቁለት ላይ አፍንጫውን ወደ ታች አድርገው ያቆሙትን 400 ኪሎ በእግር ገፍቶ ማውጣት በሠላሳ ዓመት ዕድሜ ቀልድ ነው፤ በሃምሳ አምስት ግን አይደለም። ጎልድ ዊንግ ወደ ኋላ የሚሄድበት ኤሌክትሪክ ካገኘ ከ1988 ጀምሮ ነው። ባለሁለት ጎማ ሃርሊዎች የላቸውም። (ባለሦስት ጎማው ትራይ ግላይድ አለው። ጉልበትዎ ከታመመ እርሱንም ሄደው ይዩት፤ የሽማግሌ ነው ብለው አይናቁት።)

የኋላ መቀመጫውን በሚመለከት ግን ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ ሆንዳ ራሱ የሠራው ስሕተት ነው። በ2018 ጎልድ ዊንግን ከመሠረቱ ለውጦ ሲያወጣ በ40 ኪሎ ገደማ አቀለለው፤ የፊቱንም ሾክ እንደ መኪና አድርጎ ሠራው። ነጂዎች ተደሰቱ። ነገር ግን የኋላው ሻንጣ ወደ 50 ሊትር አንሶ ነበር፤ ሁለት ሙሉ ሄልሜት እንኳ እንደ ልብ አያስገባም። የተሳፋሪው መደገፊያም ቀጥ ያለ ነበር። ቅሬታው በዛ። በ2021 ፋብሪካው ሻንጣውን ወደ 61 ሊትር አሳደገው፤ የመደገፊያውንም ዘንበል ማለት ከ17 ወደ 24.5 ዲግሪ አደረገው። ስለዚህ ያገለገለ ጎልድ ዊንግ ሊገዙ ከሆነ በ2018 እና በ2021 መካከል ያለው ልዩነት ለእርስዎ ምንም ላይመስልዎት ይችላል። ለባለቤትዎ ወገብ ግን ዋናው ጉዳይ እርሱ ነው።

ስለ ጥገና ብዙ አልልም። ሃርሊ የኋላ ጎማውን የሚያዞረው በቺንጊያ ነው፤ ጎልድ ዊንግ እንደ መኪና በብረት ዘንግ። ሁለቱም ከሰንሰለት ጣጣ ያሳርፋሉ። ሃርሊ ዘይት የሚቀየርለት ሦስት ቦታ ነው፤ ሆኖም ሁሉም እጅ ይደርስበታል፣ ቫልቩም ማስተካከል አይፈልግም። ጎልድ ዊንግ አልፎ አልፎ ነው የሚነካው፤ ሲነካ ግን ብዙ ፕላስቲክ ይፈታል። በቤትዎ ጋራዥ እጅዎን በግሪስ ማቆሸሽ የሚወዱ ከሆነ ይህን አስቀድመው ይወቁት።

ገንዘቡን በተመለከተ ግን ቁጭ ብለው፣ ከባለቤትዎ ጋር፣ በወረቀት ላይ ይሥሩት። አሮጌውን ለሻጭ ሲያስረክቡ የሚሰጥዎት ዋጋ እርስዎ ካሰቡት ያንሳል። በላዩ ላይ ያስገጠሙት የጭስ ማውጫና የሚያብለጨልጭ ጌጥ ያወጣውን ገንዘብ አይመልስም። ከዚያ የሽያጭ ታክሱ፣ ኢንሹራንሱ፣ አዲሱ የሄልሜት መነጋገሪያ ይመጣል። የልጅ የትምህርት ክፍያ በነሐሴ እንደሚመጣም አይርሱ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የእኔ ምክር ይህ ነው። ሻጩ ቤት የሚሰጥዎት የሃያ ደቂቃ ሙከራ፣ ያውም ብቻዎን፣ ምንም አይነግርዎትም። ይልቅስ የሚያስቡትን ሞተር ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ይከራዩና ባለቤትዎን ይዘው ይውጡ። በዋሽንግተን አካባቢ ካሉ ወደ ፍሮንት ሮያል ወርደው የሸናንዶዋን ስካይላይን ድራይቭ ይያዙ። 105 ማይል ነው፤ ፍጥነቱ በ35 ማይል የተገደበ ስለሆነ መቸኮል አይቻልም። ጭነት መኪና አይበዛበትም፤ መቆሚያው ብዙ ነው። በየመቆሚያው እርስዎ ዝም ይበሉና እርሳቸው ይናገሩ። ሲወጡና ሲወርዱ ጉልበታቸውን ያያሉ? ነፋሱ ሄልሜታቸውን ይመታዋል? ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚያማቸው የትኛው ቦታ ነው? እርስዎ ፍሬን ሲይዙ ወደ ፊት ይንሸራተታሉ?

መልሳቸው ያስደንቅዎት ይሆናል። ቅሬታቸው መቀመጫውና መደገፊያው ብቻ ከሆነ ሞተር አይቀይሩ፤ ለአሮጌው ሃርሊዎ ጥሩ መቀመጫ ያሠሩለት። ወጪው ከአዲስ ሞተር ጋር አይወዳደርም። ቅሬታቸው እርስዎ ሲቆሙ እግርዎ መንቀጥቀጡ ከሆነ፣ እንግዲያውስ ጎልድ ዊንግ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ጓደኞችዎ የፈለጉትን ይበሉ። ከጀርመን የመጣውን የቢ ኤም ደብሊው ስድስት ሲሊንደር የሚያስቡም በዚሁ መንገድ ይፈትኑት። ደግሞ ሊሆን የሚችል ሦስተኛ መልስ አለ፦ «እኔ እኮ ከመጀመሪያውም አልወደውም፤ ላንተ ብዬ ነው።» ይህን ከሰሙ ማናቸውንም ከመግዛትዎ በፊት ሌላ ረዘም ያለ ጨዋታ ይጠብቅዎታል። እኛ ቤት ሦስት ማታ ወስዷል።

ከቀየሩ ደግሞ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። እጅ የለመደውን አይረሳም። በሃርሊ ላይ የግራ ፍሬቻ በግራ እጅ፣ የቀኝ ፍሬቻ በቀኝ እጅ ሲሆን፣ በሆንዳ ሁለቱም በግራ አውራ ጣት ናቸው። ካምቢዮው ራሱ የሚቀይረውን ጎልድ ዊንግ ከወሰዱ የፍሪሲዮን መያዣ የለውም፤ በዝግታ ሲዞሩ እጅዎ ባዶ አየር ይጨብጣል። ስለዚህ በቀስታ መዞርን ከኋላ ፍሬን ጋር እንደገና መማር አለብዎት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ባዶ ሲሆን አስፈቅደው ይግቡና ስምንት ቁጥር እየሠሩ ይለማመዱ፤ ይቁሙ፣ ይነሡ፣ ይዙሩ። ባለቤትዎ ከፈለጉ ጥላ ሥር ወንበር ይዘው ይዩዎት። መቼ እንደሚወጡ እርሳቸው ይንገሩዎት።