የመኪና ሆድ መከላከያ፦ ቀላል ግን የማይጎብጥ

ከአስፋልት ወጥቶ ድንጋያማ መንገድ የሚገባ መኪና አደጋው ከሥሩ ነው። ሹል ድንጋይ የሞተሩን ዘይት መያዣ ከቀደደው ዘይቱ ይፈስሳል፤ ያለ ዘይት የሚሠራ ሞተር ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል። ከሥር መከላከያ ላሜራ የሚታሰረው ለዚህ ነው።

ብዙዎቻችን ጥንካሬ የሚገኘው ከከባድ ብረት ብቻ ይመስለናል። እስቲ እናስላው። 60 በ80 ሴንቲሜትር የሆነ ባለ 3 ሚሊሜትር ብረት 11 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በዚያው ስፋት ባለ 5 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ግን 6.5 ኪሎ ገደማ ነው። የአሉሚኒየም ግትርነት የብረትን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ዝርግ ላሜራ መጉበጥን የሚቋቋመው በውፍረቱ ኪዩብ ልክ ነው፦ የ5 ኪዩብ 125፣ የ3 ኪዩብ 27። ስለዚህ ቀላሉ አሉሚኒየም መጉበጥን በ1.6 እጥፍ ገደማ ይበልጥ ይቋቋማል።

ስንሠራው በመጀመሪያ በካርቶን ልኩን እናውጣ። ላሜራውን ከሻንሲው ጋር እንጂ ከዘይት መያዣው ጋር አንሰረው፤ በመካከላቸውም ክፍተት እንተው። ጠርዙን ማጠፍ ግትርነት ይጨምራል። ለዘይት መቀየሪያና ለአየር መውጫ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። የብሎኖቹን ራስ ድንጋይ እንዳይቆርጠው ወደ ውስጥ እናስገባው። አሉሚኒየምና ብረት በእርጥበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ስለሚበላ በመካከላቸው ጎማ እናድርግ።

አሉሚኒየም ለስላሳ በመሆኑ ድንጋይ ይቦጫጭረዋል። ዘወትር በሆዱ ድንጋይ ላይ ለሚጎተት መኪና፣ ክብደቱ ቢጨምርም፣ ብረት ይሻላል።