በአርባው ቀን የሚታየው እግር

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ ውጫሌን አልፎ፣ መርሳ ሳይደርስ ውርጌሳን ያገኛል። ውርጌሳ በሐብሩ ወረዳ በአውራ ጎዳናው ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ እንደ ወሎ ልማድ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ቡና እየተጠራራ ይኖርባታል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም የጦርነት አውድማ ሆና መከራውን ቀምሳለች። በዚህችም ከተማ ዙሪያ ይሁን በሌላው የአገራችን ክፍል፣ እግሩ የተቆለመመ ወይም ዓይኑ የማያይ ሕፃን ሲወለድ የሚሰማው ሹክሹክታ አንድ ዓይነት ነው፤ «እናቲቱ ምን በድላ ይሆን?» ይባላል።

ጥያቄው የቆየ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ሲወለድ ጀምሮ ዕውር የነበረውን ሰው ባዩ ጊዜ ጥፋቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጌታቸውን መጠየቃቸው፣ መልሱም የማንኛቸውም አይደለም የሚል መሆኑ በዮሐንስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ስለዚህ ክርስቲያን ነኝ የሚል ሰው ይህን ሹክሹክታ ሰምቶ ዝም ማለት የሚገባው አይመስለንም። በሙስሊሙ ጎረቤት ዘንድም ቢሆን፣ ነቢዩ ከታላላቅ ሰዎች ጋር ሲነጋገሩ ከመጣባቸው ዓይነ ሥውር ፊታቸውን በማዞራቸው የተወቀሱበት ምዕራፍ በቁርኣን ውስጥ ስላለ፣ በዚህ ጉዳይ ሁለቱ ጎረቤታሞች የሚለያዩበት ነገር የለም።

እናት ልጇን ጓዳ የምትደብቀው ጠልታው አይደለም፤ የሰው ዓይንና የሰው አፍ ፈርታ ነው። ነገር ግን እንደሚታወቀው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። በዚያች ዕለት ሕፃኑ ልብሱ ወልቆ ይጠመቃልና ካህኑም የክርስትና አባቱም ገላውን ከራሱ እስከ እግሩ ያዩታል። ቤተ ክርስቲያንም ልጁን ስትቀበል እግሩ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ቆልማማ ብላ አትጠይቅም። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ያየው እግር ከድግሱ በኋላ በነጠላ ተጠቅልሎ ጓዳ የሚገባው ስለ ምንድር ነው?

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ጊዜው ነው። ቆልማማ እግር የሚቃና ሕመም ነው። ሐኪሙ ኢግናሲዮ ፖንሴቲ በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ባወጡት ዘዴ የሕፃኑ እግር በየሳምንቱ በእጅ ቀስ እየተባለ ይቃናና በጄሶ ይታሰራል፤ ይህም አምስት ስድስት ሳምንት ያህል ይደጋገማል። ብዙውን ጊዜ ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት በትንሹ ይበጣል። ከዚያም ልጁ አራት ዓመት ገደማ እስኪሆነው ድረስ ሌሊት ሌሊት ልዩ ጫማ ያደርጋል፤ ከባድ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ጥቂቱ ነው። ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢጀመር ይመረጣል። እንግዲህ 40ኛው ቀን ማለት እግሩ ገና ለጋ የሆነበት፣ ለሐኪም እጅ እንደ ሊጥ የሚታዘዝበት ጊዜ ነው። የክርስትና አባት ለልጁ ነጭ ልብስ ከመግዛት አልፎ እናቲቱን እስከ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም እስከ ሆስፒታል ቢሸኛት የአበልጅነቱ ወግ ከዚህ በላይ አይፈለግበትም።

ሁሉም ሕመም ግን እንዲህ አይቃናም። ልጁ ጠበል ይወሰዳል፤ መወሰዱን አንነቅፍም። ሳይድን ሲመለስ ግን ቤተሰቡ ተስፋ ይቆርጣል፤ የልጁም ዕድል የቤተ ክርስቲያን ደጅና ምጽዋት ብቻ ይመስላል። ስለ ምጽዋት ብዙ ተሰብኳል፤ ስለ ሜምፊቦስቴ የሚሰበከው ግን ጥቂት ነው። ይህ የዮናታን ልጅ የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ ሞግዚቱ ከጦርነት ወሬ ስትሸሽ ከእጅዋ ወደቀና ሁለት እግሩ ሽባ ሆነ። ንጉሥ ዳዊት ካለበት አስፈልጎ ሲያስመጣው በደጁ አላስቀመጠውም፤ የአያቱን የሳኦልን ርስት መለሰለት፣ ዘወትርም ከገበታው እንዲበላ አደረገው። ልብ በሉ፤ እግሩ አልተፈወሰም። ከገበታው ለመቅረብ መፈወስ አላስፈለገውም።

ለዚህ ሩቅ ሳንሄድ የወሎን ሰው እንጥቀስ። ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በ1974 ዓ.ም. በአማራ ሳይንት ተወልደው፣ እንደ ሜምፊቦስቴ በአምስት ዓመታቸው በማጅራት ገትር ዓይናቸውን አጡ። ቤተሰባቸው በደጅ ከማስቀመጥ ይልቅ በሻሸመኔ ወደሚገኘው የካቶሊክ የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ላካቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው ለአካል ጉዳተኞች መብት ሲሟገቱ ከኖሩ በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም. አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ዓይናቸውን ባያጡ ኖሮ እንደ እኩዮቻቸው በልጅነት ይዳሩ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል፤ ይህም ስለ ዓይናማዎቹ ልጃገረዶች የሚያሳስበን ሌላ ጉዳይ ነው።

መናገሻም ላይ የፖሊዮ ልጆች የቆሙበት የቼሻየር ማዕከል መነሻው የእምነት ሰው ነው። ሊዮናርድ ቼሻየር የተባሉት እንግሊዛዊ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ከዓለም ጦርነት በኋላ ካቶሊክ ሆነው ያቋቋሙት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ አገራችን ገባ።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የሚፈጽሙት ግን ነገ ወደ ሐብሩና ወደ መሰሎቹ ወረዳዎች የምትመደቡት እናንተ ናችሁ። መዝገብ ይዛችሁ ከደጃፍ ቆማችሁ «ስንት ልጅ አላችሁ?» ብትሉ የሚቆጠርላችሁ በግቢው የሚሯሯጠው ነው። የጓዳውን ልጅ ለማወቅ፣ ቁጭ ብሎ ቡናው ከተጠጣ በኋላ፣ ጥያቄውን ሁለተኛ መጠየቅ ያስፈልጋል።