ከክረምት በፊት የፍሳሽ ጉድጓድን መመልከት ይገባል

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የቧንቧ ውሃ አስገብተው በውሃ የሚለቀቅ መጸዳጃ ቤት ያሠሩ ቤተሰቦች ከግቢያቸው ሥር ሴፕቲክ ታንክ አላቸው። ታንኩ አፈር ለብሶ ስለሚቀመጥ ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው ሞልቶ ግቢውን ሲያጥለቀልቅ ነው።

ከቤት የሚወጣው ፍሳሽ ታንኩ ውስጥ በሦስት ይከፈላል። ዝቃጩ ከሥር ይተኛል፤ ቅባቱ ከላይ ይሰፍፋል፤ የመካከሉ ውሃ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ አልፎ በአፈር ይመጠጣል። ዝቃጩ ሲበዛ ከውሃው ጋር አብሮ ይወጣና የማስረጊያውን አፈር ይደፍናል። ያን ጊዜ ታንኩን ማስመጠጥ ብቻውን አይበቃም፤ አዲስ ማስረጊያ እስከ መቆፈር ሊያደርስ ይችላል።

ታንኩ ከመሙላቱ በፊት ምልክት ይሰጣል። አንዱ መታጠቢያ ብቻ ውሃ ከያዘ የተዘጋው ቧንቧው ሊሆን ይችላል። ሁሉም በአንድነት ከዘገዩ፣ መጸዳጃው ከተንቧቧ፣ ግቢው ከሸተተ፣ ወይም በበጋ ከማስረጊያው በላይ ያለው መሬት ከረጠበና ሣሩ ለብቻው ከለመለመ ግን ችግሩ ከታንኩ ወይም ከማስረጊያው ነው።

መከላከያው ቀላል ነው። ጨርቅ፣ ፌስታል፣ የወር አበባ መጠበቂያና የምግብ ዘይት ወደ መጸዳጃው አይጣልም። የጠላና የአረቄ አተላ ለከብት ይሰጥ እንጂ ወደ ፍሳሹ አይደፋ። አመድ ውሃ በሌለው የገጠር መጸዳጃ ሽታን ይቀንሳል፤ በታንክ ውስጥ ግን ዝቃጭ ይሆናል። የጣሪያ ውሃ በቦይ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመራ። ሥሩ እርጥበት ፈልጎ ስለሚዘልቅ ባሕር ዛፍ በአጠገቡ አይተከልም። ዝቃጩ የታንኩን አንድ ሦስተኛ ሲይዝ፣ ይኸውም እንደ ቤተሰቡ ብዛት በየ3 እስከ 5 ዓመቱ፣ በመምጠጫ መኪና ማስወጣት ያስፈልጋል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ የሰገራ አወጋገድ ነው። በገጠርም ሰገራው ከጉድጓዱ አፍ ግማሽ ሜትር ያህል ሲቀረው በአፈር ደፍኖ ሌላ መቆፈር ይገባል። ታንክም ሆነ ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ በታችኛው በኩል ይሁን፤ አለዚያ የተቅማጥና የታይፎይድ በሽታ ወደ መጠጥ ውሃው ይገባል።

ከሁሉ በላይ፣ የተዘጋውን ለመክፈት ማንም ሰው ታንኩ ውስጥ አይግባ። በውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል፤ ሊያወጣው የሚከተለውንም አይምርም። ክዳኑ ሲከፈት ክብሪት አይጫር፤ ሕፃናትም ይራቁ። ሰኔ ገብቶ መሬቱ ውሃ ከመጥገቡ በፊት፣ በበጋው ማስመጠጥ ወጪንም ሕይወትንም ያድናል።