ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም የተመለሰ ወር አበባ አይደለም

ሹም አቦም ይሁን ሌላው የባሕር ዳር ሰፈር፣ እናቶቻችን ቡና ላይ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት በግልጽ ያወራሉ። ስለ ማህፀን ሲሆን ግን ወሬው ይቆማል። ወር አበባቸው ከቆመ ዓመታት ያለፏቸው እናት ደም ሲያዩ፣ አንድም "ተመለሰልኝ" ይላሉ፣ አንድም ለልጆቻቸው ለመናገር ያፍራሉ።

ወር አበባ ለ12 ወራት ከቆመ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ መመርመር አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ካንሰር አይደለም። ከአስር ሴቶች በአንዷ ገደማ ግን የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ ካንሰር ሆኖ ይገኛል። ይህ ኤችፒቪ በተባለው ቫይረስ ከሚመጣው የማህፀን በር ካንሰር የተለየ ነው። ስለዚህ የማህፀን በር ምርመራ አድርገው "ነጻ ነዎት" መባልዎ ስለ ውስጠኛው ግድግዳ ማረጋገጫ አይሆንም።

እኔ በምሠራበት የገበያ ሥራ ደንበኞችን ሁሉ እንደ አንድ ማየት ያከስራል። ይህም ካንሰር እንደዚያው ነው፤ ስሙ አንድ፣ ጠባዩ ብዙ።

ቦክማን የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1983 በሁለት ከፈሉት። የመጀመሪያውና በብዛት የሚታየው ኢስትሮጅን የሚያሳድገው ነው። ኢስትሮጅን ግድግዳውን ያወፍራል፤ ፕሮጄስትሮን ደግሞ ይገታዋል። ከማረጥ በኋላ የሰውነት ስብ ኢስትሮጅን ማመንጨቱን ስለሚቀጥል፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት አደጋውን ይጨምራል። ይህ ዓይነቱ በአብዛኛው ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ቶሎ ከተገኘም በቀዶ ሕክምና የመዳን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ሁለተኛው በኢስትሮጅን ላይ ብዙም አይመካም። ቀጭን እናቶችንም ይይዛል፤ ፈጥኖም ይሠራጫል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ተመራማሪዎች የዕጢውን ዘረመል አይተው በአራት መደቡት። ፖሊ የተባለው ዘረመል የተለወጠበት ውጤቱ እጅግ መልካም ነው፤ ፒ53 የተበላሸበት ብርቱ ሕክምና ይፈልጋል። የዘረመል ስህተት ማረሚያው የተሰናከለበት አንዳንዴ በዘር ይወረሳል፤ ከአንጀት ካንሰርም ጋር ይዛመዳል። አራተኛው ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም የማይታይበት ነው።

ታዲያ ምን ያድርጉ? በፈለገ ሕይወት፣ በጥበበ ግዮን ወይም በሚቀርብዎ ሆስፒታል የማህፀን ሐኪም ያማክሩ። ምርመራው በአልትራሳውንድ ይጀምርና ከግድግዳው ናሙና ይወሰዳል። ውጤቱ ካንሰር ከሆነ "ዓይነቱ የትኛው ነው? የሆርሞን ተቀባይና የፒ53 ምርመራ ማሠራት ይቻላል?" ብለው ይጠይቁ። በቤተሰብዎ የአንጀት ወይም የማህፀን ካንሰር የያዘው ሰው ካለም ሳይጠየቁ ይናገሩ።

ሴት ልጅም ሆኑ ወንድ፣ እናትዎን "እማዬ፣ ካረጥሽ ወዲህ ደም አይተሽ ታውቂያለሽ?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። መልሷ "አዎ" ከሆነ፣ በዚሁ ሳምንት ቀጠሮ ያስይዙላት፤ አብረዋትም ይሂዱ።