ቆዳን አልፎ አጥንትን ስለሚይዝ ብረት

የአገው ምድር የፈረስ አገር መሆኑ የታወቀ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚያከብረው በዓል ግልቢያውና ጉግሱ ዓይንን ያስደስታል። ይሁን እንጂ ፈረስ ባለበት መውደቅ አለ፤ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ባለው አውራ ጎዳና ደግሞ ባጃጁና የጭነት መኪናው ተጨምሮበታል።

የተሰበረው አጥንት ቆዳን ቀዶ የወጣ እንደ ሆነ ጀሶ ብቻውን አይበቃም። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ ከስብራቱ በላይና በታች የብረት ችንካሮችን በቆዳ አሳልፎ በአጥንቱ ይተክላል፤ ከውጭም በዘንግ ወይም በቀለበት ያያይዛቸዋል። የቀለበቱን ዓይነት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ በኩርጋን ከተማ ያበጀው የሶቪየት ኅብረቱ ሐኪም ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ ነው። ይህን የመሰለ ብረት በእግሩ ተሸክሞ የሚሄድን ሰው አይተው የሚደነግጡ አሉ፤ ብረቱ ግን እግሩን ያተረፈለት ነው።

ጭንቁ ያለው ብረቱ ቆዳን በሚያልፍበት ሥፍራ ነው። ቆዳ ሰውነትን የሚጠብቅ አጥር ነው፤ በሥጋ ላይ የደረሰ ቁስል ሲድን አጥሩ ይዘጋል። በብረቱ ዙሪያ ግን ፈጽሞ አይዘጋም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 አንቶኒ ግሪስቲና የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ነገሩን በእሽቅድምድም መስለውታል፤ ይኸውም የሰውነት ሕዋሳትና ተሐዋስያን የብረቱን ገጽ ቀድሞ ለመያዝ ይሽቀዳደማሉ ማለት ነው። ከሚቀድሙት ዋነኛው በጤነኛ ሰው አፍንጫና ቆዳ ላይ ሳይቀር የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ነው። መጀመሪያ በልል ይጣበቃል፤ በኋላም ዝልግልግ ሽፋን አብጅቶ በውስጡ ይሰፍራል። ሳይታጠብ በቆየ እንስራ ውስጥ የሚይዘው ልጋግ ዓይነተኛ ምሳሌው ነው፤ ውሃ ቢያፈሱበት አይለቅም፣ መፈግፈግ ይሻል። መድኃኒትም በዚህ ሽፋን ውስጥ በቀላሉ አይሠራም። ስለዚህ ክኒን ትኩሳቱን ለጊዜው ቢያበርደውም አንዳንድ ጊዜ ችንካሩ ካልወጣ ሕመሙ ያገረሻል። ነገሩ ተስቦ አጥንቱ ያመረቀዘ እንደ ሆነማ ወራት የሚፈጅ ሕክምና ያስከትላል።

በችንካሩ ዙሪያ ቅቤ መቀባት ወይም የተወቀጠ ቅጠል መለጠፍ ለተሐዋስያኑ ስንቅ ማቀበል ነው። የወጌሻን እጅ አንንቅም፤ ሆኖም ችንካር የገባበትን እግር ማሸት ብረቱን ያላላዋል፤ የላላ ብረትም ቆዳውን እያፋተገ ለጀርም በር ይከፍታል።

አስታማሚው እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ ሐኪሙ ባዘዘው ቀን፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ወይም በታዘዘለት ፈሳሽ ያጽዳው። ለእያንዳንዱ ችንካር ሌላ ንጹሕ ጨርቅ ይያዝ፤ አንዱን የጠረገበትን በሌላው ላይ አይድገመው። ቆዳው እንዳይንቀሳቀስም በፋሻ ደገፍ ያድርገው።

ብረት ይዞ ወደ ክፍል የተመለሰ ተማሪ ያላችሁ መምህራን፣ እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ ስጡት፤ ጓደኞቹም ብረቱን እንዳይነካኩ ንገሩልን። ዙሪያው ቀልቶ ቢያብጥ፣ መግል ቢወጣው፣ ሕመሙ ቢበረታ፣ ችንካሩ ቢነቃነቅ ወይም ልጁ ቢያተኩሰው፣ ቀጠሮው እስኪደርስ አይጠበቅ፤ ዕለቱን ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ችንካሩ ከወጣ በኋላ ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይገጥማል፤ እስኪገጥም ድረስ በንጹሕ ፋሻ ይሸፈን።