«ሚሳኤሉ ከሸፈ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰማይ በታወከ ቁጥር ስልካችን ይጨናነቃል። ሪያድ፣ ዶሃ ወይም ዱባይ ውስጥ እህት ወይም ወንድም የሌለው ቤተሰብ በመካከላችን ጥቂት ነው። በሌሊት ሰማይ ላይ ብልጭታ የሚያሳይ ቪዲዮ ይመጣል፤ አንዱ «ሁሉም ከሸፉ» ብሎ፣ ሌላው «ከተማው ነደደ» ብሎ ያስተላልፈዋል። ቪዲዮው ግን ያው አንዱ ነው። ታዲያ ብልጭታው ራሱ ምን ይነግረናል?

በዚህ ጉዳይ ብዙ ከተመረመሩት ጦርነቶች አንዱ የ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ነው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኢራቅ ስከድ ሚሳኤሎችን ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ እስራኤል ስትተኩስ አሜሪካ ፓትሪዮት የተባለውን መከላከያ አሰለፈች። በፌብሩዋሪ 15 ፕሬዚዳንት ቡሽ (አባትየው) ፓትሪዮት በሚሠራበት ፋብሪካ ተገኝተው ከ42 ስከዶች 41ዱ ተጠልፈዋል አሉ። በቴሌቪዥን የሚታየው ፍንዳታም ይህንኑ የሚመሰክር መሰለ።

ከ10 ቀን በኋላ አንድ ስከድ ዳህራን አጠገብ የአሜሪካ ወታደሮች ባደሩበት መጋዘን ላይ ወድቆ 28 ሰዎችን ገደለ። በቦታው የነበረው ፓትሪዮት አልተኮሰም። ምክንያቱ የሰዓት ስሕተት ነበር። ኮምፒውተሩ ጊዜን በሰከንድ አንድ ዐሥረኛ እየከፈለ ሲቆጥር በእያንዳንዱ ቆጠራ ኢምንት ትጎድላለች። መሣሪያው ሳያርፍ ከ100 ሰዓት በላይ ሲሠራ ኢምንቷ ተጠራቅማ የሰከንድ አንድ ሦስተኛ ገደማ ደረሰች። በዚያች ቅጽበት ስከድ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ስለዚህ ራዳሩ ሚሳኤሉን በሌለበት ቦታ ፈለገው። የታረመው ፕሮግራም ዳህራን የደረሰው በማግስቱ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የኤም አይ ቲው ፕሮፌሰር ቴዎዶር ፖስቶል የቴሌቪዥን ምስሎችን አንድ በአንድ መርምረው ፓትሪዮት የስከድን ፈንጂ የመታው እጅግ ጥቂት ጊዜ፣ ምናልባትም አንድም ጊዜ አይደለም አሉ። ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ የቴሌቪዥን ካሜራ እንዲህ ፈጣን ነገር ለመመዘን አይበቃም ሲሉ መለሱ፤ ፍሬ ቢስ ተቃውሞ አልነበረም። ሁለቱም ወገኖች የማይክዱት አንድ ነገር ግን ነበር። የዚያን ጊዜው ፓትሪዮት ዒላማው አጠገብ ሲደርስ ይፈነዳል፤ ዒላማውን ከሳተም ራሱን ያጠፋል። ብልጭታው የሚመሰክረው ፓትሪዮት መፈንዳቱን ብቻ ነው። ኢራቅ ርቀቱን ለመጨመር የቀየረችው ስከድ ደግሞ ሲወርድ ራሱ ይሰባበር ስለነበር የቱ ስብርባሪ፣ የቱ ፈንጂ እንደሆነ መለየት ከባድ ነበር።

በ1992 ጉዳዩ የአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀረበ። ሠራዊቱ የስኬቱን መጠን በሳዑዲ ወደ 70 በመቶ፣ በእስራኤል ወደ 40 በመቶ ዝቅ አደረገ። የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት ግን ፈንጂው ለመመታቱ ጠንካራ ማስረጃ ያለው በ9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው አለ። ይህ የቀሩት ሁሉ አልተመቱም ማለት አይደለም፤ አጥጋቢ ማስረጃ አልተገኘላቸውም ማለት ነው። «ተጠልፈዋል» የተባለውስ? አንድ የጦር መኮንን ለምክር ቤቱ ሲያብራሩ፣ ቃሉ ፓትሪዮትና ስከድ ሰማይ ላይ ተላለፉ ማለት እንጂ ስከዱ ወደመ ማለት እንዳልሆነ ተናገሩ። ሕዝቡ ግን የሰማው ሌላ ነበር።

ወሬን ስለማጣራት ስንነጋገር ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 6ን እናነሳለን፤ አንቀጹ ፋሲቅ ያመጣውን ወሬ ስለማጣራት ይናገራል። የሐዲሥ ዑለማዎች ግን ራዊን ሲመዝኑ በታማኝነቱ ብቻ አልቆሙም። ከዐዳላው ጋር ዶብጡን፣ ማለትም የሰማውን በትክክል የመያዝ ብቃቱን ይጠይቁ ነበር። ሷሊሕ ሆኖ ዶብጡ የላላ ሰው ዘገባው ዶዒፍ ይባላል። በ1991 ፍንዳታውን አይተው «ተመታ» ያሉት ሁሉ ዋሾ አልነበሩም፤ ያዩት ፍንዳታ፣ የዘገቡት ግን ከዚያ ያደረሱትን ድምዳሜ ነው። ዛሬ በየግሩፑ የምናየው ችግርም በአብዛኛው ይኸው ይመስለናል።

ነገሩ አሮጌ ታሪክ አይደለም። በጁን 23፣ 2025 ኢራን ኳታር የሚገኘውን የአል ዑደይድ ጦር ሰፈር ስትመታ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከ14 ሚሳኤሎች 13ቱ ተመትተው ወድቀዋል፣ አንዱ ለአደጋ በማያሰጋ አቅጣጫ ስለሄደ ተትቷል አሉ። በጁላይ የወጡ የሳተላይት ምስሎች ሰፈሩ ውስጥ የመገናኛ መሣሪያ የሚሸፍን ጉልላት መመታቱን አሳዩ፤ ፔንታጎንም አንድ ሚሳኤል ሰፈሩን መምታቱን አመነ። ቆጠራው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የተድበሰበሰው የአንዷ ማረፊያ ነው።

ይህን ሰምቶ የመንግሥት ቃል ሁሉ ውሸት ነው ወደሚል መዝለልም ያው ስንፍና ነው። «ከተማው ነደደ» እየተባሉ ከተሰራጩት ቪዲዮዎች አንዳንዶቹ አርማ 3 ከተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ የተወሰዱ ነበሩ! ቪዲዮ ሲደርሰን ማን ቀረጸው፣ የትና መቼ፣ ከብልጭታው በኋላ መሬት ላይ ምን ተገኘ ብለን እንጠይቅ። የመጨረሻው መልስ ብዙ ጊዜ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል።

ኤምሬትስ ላሉ ቤተሰቦቻችን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በ2021 የወጣው የሳይበር ሕግ የሐሰት ወሬ ማሰራጨትን በእስራትና በገንዘብ ይቀጣል። ስለዚህ እዚያ ለምትሠራ እህታችን ስንደውል ደህንነቷን እንጠይቅ እንጂ «በመስኮት ቀርጸሽ ላኪልን» አንበላት።